ልጅ ጎጆ ሊወጣ ሲል፦ ፊርማው፣ ሒሳቡና የቤቱ ፖስታ

ሰንበት ወጥቶ ቡና ተፈልቶ ነበር። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ልጄ «አባ፣ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው» አለች። ከጻባ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ቤርሼቫ ትምህርት ልትጀምር ስለሆነ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ልትኖር ነው። እኛ የምንኖረው ረሖቮት፣ ክርያት ሞሼ ነው። ባቡር አለ፣ ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። እናቷ «ሳታገቢ?» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እናቴ ግን ጥግ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ስትሰማ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የምትሄደው ሌሊት ነው ቀን?»

ልጅቷ ሳቀች። «ቀን ነው አያቴ፣ በባቡር» አለቻት። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እናቴ ለምን እንደጠየቀች አውቃለሁና።

እኛ ጎንደር ያደግን ሰዎች «ጎጆ ወጣ» ሲባል የሚታየን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ያገባል፣ ሙሽራይቱ መጀመሪያ ወደ አማቶቿ ቤት ትመጣለች፣ ቆይተው ጎጆ ይወጣሉ። ጎጆውም የሚቀለሰው እዚያው አባት ግቢ አጠገብ ነው፤ እናት ብትጣራ ይሰማል። አባት እንደ አቅሙ ጊደር ወይም በሬ፣ ዘር፣ ማረሻ ይሰጣል። ቀጥቃጭ ከሆነ ደግሞ ያስተማረው ሙያ ራሱ ጎጆ መውጫ ነው፤ መሬቱ የሰው ቢሆንም መዶሻው የራስ ነው። ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትሄደው ወደ ባሏ ቤት ነበር። ብቻዋን የምትኖርበት ቤት የሚባል ነገር አናውቅም ነበር፤ ስምም አልነበረው።

ታዲያ ይህን ስንናገር ግማሹን ታሪክ እንተወዋለን። እኔ ከቤት ስወጣ 14 ዓመቴ ነበር፤ ጊዜው 1984። ከአጎቴ ጋር በሌሊት ወጣን። እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ በአቁማዳ አሰረችልኝ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ቆማ እንኳን አልመረቀችኝም። በሱዳን በኡም ራኩባ ሰፈር ስንት ሰው እንደቀበርን እናንተም ታውቁታላችሁ። በሙሴ ዘመቻ ደረስኩ፣ ዓሊያት ሃኖዓር አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባኝ። እናቴን መልሼ ያየኋት በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስትመጣ ነው። ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። ለእርሷ «ልጅ ከቤት ወጣ» ማለት ይህ ነው፤ ሌሊት ወይስ ቀን ብላ መጠየቋ ይገባኛል።

እንግዲህ እኛ፣ በ14 እና በ15 ዓመታችን ካለ እናት ካለ አባት ራሳችንን ያኖርን ሰዎች፣ የ22 ዓመት ልጅ ክፍል ልከራይ ስትል «ዘመኑ ተበላሸ» ማለታችን ይገርመኛል። እርግጥ እኛ የወጣነው ተገደን ነው፣ እነርሱ ፈልገው ነው። ልዩነቱ አለ። ግን ፈልጎ የሚወጣ ልጅ ቢያንስ ለመምከር ጊዜ ይሰጠናል። እኔን ማንም አልመከረኝም። መጀመሪያ ያገኘሁትን ደመወዝ በሁለት ሳምንት ጨርሼ እስከ ወሩ መጨረሻ በዳቦና በሌበን የኖርኩትን እስካሁን ለልጆቼ አልነገርኩም፤ ይህን ሲያነቡ ይወቁት።

ስለዚህ በዚያ ማታ «አትሄጂም» አላልኩም። «ውሉን ሳላየው እንዳትፈርሚ» ነው ያልኩት። ለዚህም ምክንያት አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራየ። ኪራዩ በወር 4,500 ሸቀል፣ ለእያንዳንዳቸው 1,500። አከራዩ ዋስ ጠየቀ። ዋስ ማለት በአገራችን ትልቅ ነገር ነው። «ዋስ ጥራ» ተብሎ ዋስ ያጣ ሰው ዘመድ እንደሌለው ይቆጠራል። የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ቤቴ ሲመጣ ቡና ላይ ነበርን። «አጎቴ፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ» አለኝ፤ ፈረምኩ። አላነበብኩም። ማንበብ እችላለሁ፣ ዕብራይስጥ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን በእህቴ ልጅ ፊት ወረቀት መመርመር እርሱን መጠርጠር መሰለኝ። አንዱ ወረቀት ሽታር ሖቭ ነበር፤ የገንዘቡ ቦታ ባዶ ነው። በባዶው ላይ ፈረምኩ።

የእህቴ ልጅ ድርሻውን በየወሩ ሳያጓድል ከፈለ። ከጓደኞቹ አንዱ ግን ከስምንተኛው ወር በኋላ ጥሎ ወጣ፤ ሁለተኛው የመጨረሻውን ሁለት ወር አልከፈለም። ልጁ «እኔ የራሴን ከፍያለሁ፣ የነርሱ ዕዳ የነርሱ ነው» ብሎ ተኝቶ ያድራል። ውሉ ውስጥ ግን «ቤያሐድ ኡሌሑድ» የሚል ቃል ነበር፤ በአማርኛ «በአንድነትም በተናጠልም» እንደ ማለት ነው። ትርጉሙ ሦስቱም ለጠቅላላው ኪራይ ተጠያቂ ናቸው፣ አከራዩ ከሦስቱ ማንኛውንም መርጦ ሙሉውን መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ሁለቱ ስልክ አያነሱም። አንዱ፣ ማለትም የኛው ልጅ፣ ያነሳል። የርሱ ዋስ ደግሞ እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ደብዳቤ መጣ፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ ከጠበቃ መጣ። ከዚያ ከሆጻአ ላፖዓል። ሽታር ሖቭ የተፈረመ እንደሆነ አከራዩ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዶ ክስ መርታት አያስፈልገውም፤ ወረቀቱን በቀጥታ ለሆጻአ ላፖዓል ያስገባል። መቃወም ይቻላል፣ ግን ቀን ተቆርጦለታል፤ እኔ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ሳስቀምጥ ቀኑ ይቆጠር ነበር። አንድ ጠዋት ባንክ ሄጄ ሒሳቤ ዒኩል እንዳለበት ተነገረኝ። ኪራዩ 9,000 ሸቀል ነው፤ የጠበቃው፣ የፋይሉና ወለዱ ተጨምሮ 14,000 ደረሰ። በወር 700 ሸቀል እየከፈልኩ በ20 ወር ጨረስኩት።

ከገንዘቡ የባሰው ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ሲግድ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ እህቴን በሩቅ አይቼ ሰላም ሳልላት ተመለስኩ። እርሷም «ልጄን በሰው ፊት አዋረደው» ብላ ተቀይማ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ ነው የታረቅነው። የታረቅነውም ሽማግሌው «ጥፋቱ የማንም አይደለም» ስላለ አይደለም፤ «አንተ ሳታነብ ፈርመሃል፣ እርሱም ሳያነብ አስፈርሞሃል፣ ሁለታችሁም ተካሱ» ስላለ ነው። የእህቴ ልጅ አሁን ሥራ ይዟል፤ በየወሩ 300 ሸቀል ይልክልኛል። አትላክ ብለው አይሰማም።

ስለዚህ ልጃችሁ ወይም የዘመድ ልጅ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ቡናው ይቅረብ፣ ወረቀቱ ግን ለነገ ይደር። ዋስ መሆን ነውር የለውም፤ እኔም ለልጄ ሆኛለሁ። ግን ይህንን አድርጌ ነው፦ የዋስትናው ገንዘብ በቁጥር ተጽፎ፣ እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ ተጽፎ፣ ውሉ ለሁለተኛ ዓመት ቢታደስ ያለ እኔ አዲስ ፊርማ እንደማይቀጥል ተጽፎ። ሽታር ሖቭ ካለ ደግሞ ባዶ ቦታ አይተውም፤ በላዩ «ለቪታሖን ቢልቫድ»፣ ለመያዣ ብቻ ማለት ነው፣ እና «ሎ ሳሒር»፣ ለሌላ ሰው የማይተላለፍ የሚል ይጻፍበታል። የፈረማችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሱ። ውሉ ሲያልቅ ሽታሩን ራሱን አስመልሳችሁ ቅደዱት። «ቤያሐድ ኡሌሑድ» የሚለውን ደግሞ ማስወጣት ከተቻለ ማስወጣት ነው። አከራዩ ሁልጊዜ አይስማማም። የልጄ አከራይ አልተስማማም፤ ስለዚህ የሁለቱን ጓደኞቿን ወላጆች በስልክ አገኘኋቸው። አንዷ ከዲሞና፣ አንዷ ከአሽዶድ ናቸው። ሦስታችንም እኩል ዋስ ሆንን። ከማያውቁት ሰው ጋር አብሮ ዋስ ከመሆን መጀመሪያ መተዋወቅ ይሻላል፤ ይህንን ደግሞ ከእኛ ሽማግሌዎች በላይ የሚያውቅ የለም። ልጅ ሲዳር ዘር የምንቆጥር ሰዎች ነን እኮ።

በ2017 የወጣው የኪራይ ሕግ ደግሞ ተከራዩን በጥቂቱም ቢሆን ይጠብቃል፤ ብዙ ወላጅ አያውቀውም። አከራይ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዋስትና የሚይዘው መያዣ ከሦስት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ውሉ ከዘጠኝ ወር በታች ከሆነ ከጠቅላላው ኪራይ ሲሶ ብቻ ነው። ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ምንም ዕዳ ከሌለ በ60 ቀን ውስጥ መያዣውን መመለስ አለበት። አከራዩ ራሱ ያመጣውን ደላላ ተከራዩ አይከፍልም። ቤቱ ውስጥ ተከራዩ ያላበላሸው ነገር ከተበላሸ አከራዩ ከተነገረው ጀምሮ በ30 ቀን ማሠራት አለበት፤ ሊኖሩበት የማያስችል አስቸኳይ ነገር ከሆነ በሦስት ቀን። ይህን የመጨረሻውን ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አከራዩ በእርግጥ የቤቱ ባለቤት መሆኑን ማየት ነው። ኔሳሕ ታቡ የሚባለውን ወረቀት በጥቂት ሸቀል በኢንተርኔት ማውጣት ይቻላል፤ የባለቤቱ ስም ይወጣል፣ ከመታወቂያው ጋር ማስተያየት ነው። የሌላ ሰው ቤት አሳይቶ የሁለት ወር ኪራይ ተቀብሎ የሚጠፋ አለ። ልጆቹ «አባ፣ አትጠራጠር» ይላሉ። እኔ አሁን እጠራጠራለሁ።

ሒሳቡን በተመለከተ ሁለት አርብ ከሰዓት አብረን ተቀመጥን። ክፍሏ 1,400 ሸቀል ነው። እርሷ የጻፈችው ይህን ብቻ ነበር። አርኖና፣ መብራት፣ ውኃ፣ ቫዓድ ባይት፣ ጋዝ፣ ኢንተርኔት እያልን ስንጨምር ዓይኗ ፈጠጠ። በየወሩ ሳይሆን በየሁለት ወሩ የሚመጣ ሒሳብ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ በማይመጣበት ወር ገንዘብ የተረፈ ይመስላል። ገብተው በመጀመሪያው ቀን የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ ፎቶ ማንሳትና ሒሳቡን በስማቸው ማዛወር አለባቸው፤ አለበለዚያ ያለፈውን ተከራይ ዕዳ ይወርሳሉ። የግድግዳውን ቀለም፣ የተሰነጠቀውን ሸክላ፣ ሁሉንም ፎቶ።

ከጻባ የሚወጣ ልጅ ሁለት ገንዘብ አለው። ማዓናቅ የሚባለው በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳቡ ይገባል፤ እንደ ልቡ ያወጣዋል። ፒካዶን የሚባለው ግን ተቆልፎ ይቆያል፤ ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ቤት ለመግዛት ወይም ሥራ ለመክፈት ነው የሚወጣው። አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ የቀረው ለፈለገው ይሆናል። ብሔራዊ አገልግሎት ያደረጉትም አላቸው። የኪራይ ገንዘብ ከፒካዶን አገኛለሁ ብሎ ቤት የሚይዝ ልጅ አለ፤ አያገኝም። በማዓናቁ ታይላንድ ደርሶ የሚመለስም አለ። በዚህ አልፈርድም፣ ሦስት ዓመት ዘብ የቆመ ልጅ ነው፤ ብቻ ከመሄዱ በፊት የሦስት ወር ኪራይ ለብቻው ያስቀምጥ።

ሥራም ትምህርትም ሳይኖረው የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ለቢቱዋሕ ሌኡሚ ራሱ መክፈል አለበት። ይህንን ማንም አይነግረውም። ዕዳው በዝምታ ይጠራቀማል፣ ደብዳቤው ወደ ወላጆቹ አድራሻ ይመጣል፣ ወላጆቹ ደግሞ ያስቀምጡለታል። መታወቂያው ላይ አድራሻ መቀየር እንዳይረሳ።

ሚኑስ ስለሚባለው ብዙ ማለት አልፈልግም። ባንኩ «እስከ 5,000 ሚኑስ ተፈቅዶልሃል» ሲል ልጁ 5,000 ተሰጠኝ ብሎ ይሰማዋል። በበሬ ንገሩት፦ የሰው በሬ አርሶ ሲመልስ ከጥጃ ጋር ነው የሚመልሰው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙዎቻችን «ልጅቷ ብቻዋን ምን ትሆናለች» እንላለን። በእኔ ቤት የፈራሁት ግን እርሷን አልነበረም።

ይህች ልጅ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የቤታችን አስተርጓሚ ናት። እኔ ሥራ ስውል የእናቷን የቁፓት ሖሊም ወረቀት የምታነበው፣ አያቷን ይዛ ሐኪም ቤት የምትገባው፣ የማዘጋጃ ቤቱን ስልክ ግማሽ ሰዓት ይዛ የምትጠብቀው እርሷ ናት። ጻባ ሆናም እንኳ አርብ ስትመጣ መሣሪያዋን አስቀምጣ መጀመሪያ የምትከፍተው ፖስታ ነው። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ሲሄድ ቤቱ ዲዳ ይሆናል። «ሳታገቢ» የምንለውም አንዳንዴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ «ፖስታውን ማን ያነባል» ማለታችን ነው። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም ሳይነግሩን ይቀራሉ፣ ወይም ትምህርቱን ይተዉታል። ባለቤቴ ከጎረቤት የምታውቃት አንዲት ልጅ ለእናቷ የኩላሊት ሕክምና ስትል ሁለት ጊዜ ምዝገባዋን አራዝማለች።

እኛ እንዲህ አደረግን። ከመሄዷ በፊት በአንድ ወር ውስጥ መብራቱን፣ ውኃውንና አርኖናውን በሆራአት ኬቫ አደረገችው፤ ባንኩ በራሱ ይከፍላል፣ ደብዳቤ ቢጠፋም አይቆረጥም። የቁፓት ሖሊሙን አፕሊኬሽን በእናቷ ስልክ ጫነችላት። እናቷ መጀመሪያ «እኔ አልችልም» አለች፤ በሦስተኛው ሳምንት መድኃኒቷን ራሷ አደሰች፣ ለሁሉም ሰው ደውላ ነገረች። አያቷ ሐኪም ቤት ስትገባ በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ወይም የስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚቻል ለታናሽ ወንድሟ አሳየችው። ልጅ የእናቱን ወይም የአያቱን ሕመም መተርጎም የለበትም፤ ያፍራሉ፣ ግማሹን አይናገሩም። ፖስታውን ደግሞ እኔ ወሰድኩት። በየማክሰኞ ማታ መሳቢያው ይከፈታል። ከሆጻአ ላፖዓል ወይም ከጠበቃ የመጣ ካለ በዚያው ሳምንት ሰው ዘንድ ይሄዳል። አቅም ለሌለው ሰው የፍትሕ ሚኒስቴር ሲዩዓ ሚሽፓቲት በነፃ ጠበቃ ይሰጣል፤ ያኔ ባውቅ ኖሮ 14,000 አልከፍልም ነበር፣ ቢያንስ ሙሉውን።

የሄደችው በእሑድ ጠዋት ነው። እናቷ እንጀራ በላስቲክ አድርጋ አስራ፣ ሽሮና በርበሬ በማሰሮ ሞልታ፣ ፍሪዘር ይኑራቸው አይኑራቸው ሦስት ጊዜ ጠይቃ ሰጠቻት። አያቷ በር ላይ ቆማ መረቀቻት። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አሜን አለ፣ ልጅቷ ባቡሩ እንዳያመልጣት ሰዓቷን ታያለች፣ እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ። ለእኔ በ1984 ያልተባለው ሁሉ ያኔ የተባለ መሰለኝ።

በሦስተኛው ወር ቅዝቃዜ ሲገባ የቤታቸው ዱድ ፈነዳ። ሙቅ ውኃ የለም፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል። አከራዩ «በሚቀጥለው ወር አየዋለሁ» ብሏቸዋል። ልጄ ቀኑን ጽፋ፣ ፎቶውን አያይዛ፣ ሕጉ ለአስቸኳይ ብልሽት ሦስት ቀን እንደሚል ጠቅሳ መልእክት ላከችለት። በሁለተኛው ቀን ሠራተኛ መጣ። እኔ ይህንን የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው፤ አርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ስትደውል፣ እንዲያው በወሬ መሀል። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ምን ታደርግልኝ ነበር አባ?» አለች።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ስለ ዱዱ አልጠየቀችም። እንጀራው አለቀ ወይ አለቻት፤ ለሰንበት በረከቴ የሚሆን ዳቦ ጋግራ እንደሆነም ጠየቀቻት። ልጅቷ ከሱቅ ኻላ ገዝተናል ስትላት እናቴ ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ «ሁለት ኪሎ ዱቄት፣ ለብ ያለ ውኃ…» ብላ ጀመረች። ሰንበት ሊገባ 20 ደቂቃ ቀርቶታል፤ ልጅቷ በዚያኛው ጫፍ እየጻፈች ነበር።